ያቦካው እሱ ነው

የአዴ ዘይነባን ሞት የሰማሁት በግማሽ በተከፈተ የታክሲ መስኮት በኩል ነው። በሚኒያፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የመኪና ማቆሚያውን መውጫ በምጠብቅባት ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ መጽሐፍ አነብ ነበር። የታክሲው ሹፌር የአገሬ ሰው ነው። ትኬቱን እያቀበለኝ፣ «ሰማህ አይደል? ሂና የሚስሉት እናት አረፉ እኮ። ትናንት ቀበርናቸው» አለኝ።

«የትኛዋ?» አልሁት፤ መልሱን እያወቅሁ።

«እንዴ! የድሬዋ ናቸዋ! አንተ አይደለህ እንዴ ታስተረጉምላቸው የነበርከው?»

ከኋላው የቆመው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። «ኢና ሊላሂ» ብዬ ማገጃውን አነሳሁለት። እሱ ሄደ፤ እኔም መጽሐፌን መልሼ ያዝሁ፤ ግን እስከ ሥራ መውጫዬ ድረስ ያንኑ ገጽ ነበር የማየው።

ስለ ሞተ ሰው መልካሙን ብቻ መናገር ተገቢ እንደ ሆነ ተምሬ ያደግሁ ነኝ። ስለ አዴ ዘይነባ የምናገረው መልካም ነገር ብዙ ነው፤ እናገረዋለሁም። ነገር ግን መልካሙን ብቻ ጽፌ ባቆም የጻፍሁት ስለ ሌላ ሴት ይሆናል።

የተዋወቅነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ብሉሚንግተን ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ነው። እሳቸው መኝታ ክፍሎችን ያጸዳሉ፤ እኔ ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ አንሶላ አጥፋለሁ። ዕድሜያቸው ሃምሳን አልፏል፤ «አዴ» የምንላቸው እንደ ድሬዎቹ «እናቴ» ለማለት ነበር። አጭርና ደንደን ያሉ፣ ሲሄዱ የሚቸኩሉ፣ ሲቀመጡ ግን ከቦታቸው የማይነቃነቁ ሴት ነበሩ።

አንድ ዓርብ ጠዋት ንጹሕ አንሶላ ላደርስ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። በኮሪደሩ ላይ ሳሪ የለበሰች አንዲት እናት ስልክ ይዛ ታለቅሳለች። ልጇን ልትድር ሆቴሉን ተከራይታለች፤ ለሙሽራዋ እጅ ሂና እንድትስል ከቺካጎ የተጠራችው ሴት ታማ ቀርታለች። አዴ ዘይነባ ጋሪያቸውን እየገፉ መጡና አጠገቧ ቆሙ። ከዚያም እኔ በማላውቀው ቋንቋ አንድ ዐረፍተ ነገር ተናገሩ። ሴትየዋ ግድግዳው በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ የተናገራት ያህል ደነገጠች።

ቋንቋው ጉጃራቲ ነበር። አዴ ዘይነባ በልጅነታቸው ድሬዳዋ፣ በአንድ ህንዳዊ ነጋዴ ቤት አገልግለዋል። የነጋዴው ሚስት ለአገሯ ልጆች ሠርግ ሂና ስትስል የሙሽሮቹን ክንድ ደግፈው የሚይዙት እሳቸው ነበሩ፤ ሲይዙ አዩ፣ ሲያዩ ተማሩ። ጉጃራቲያቸው የኩሽና ጉጃራቲ ነው፤ ለማዘዝና ለመታዘዝ ይበቃል፣ ከዚያ አያልፍም። ሚኒሶታ የተወለዱት ሙሽሮች ደግሞ ያንንም አይሰሙትም። እንግሊዝኛቸው «ኦፕን»፣ «ክሎዝ»፣ «ዶንት ሙቭ» ነበር። በዚያ ጠዋት ዞር ብለው አዩኝና፣ «አንተ መጽሐፍ የምታነበው፣ ና ወዲህ» አሉ። አስተርጓሚያቸው የሆንሁት እንዲህ ነው።

እኔ ደሴ ያደግሁ ሰው ነኝ። እናቶቻችን እንሶስላ ሲሞቁ አይቻለሁ፤ እጅን እንዲሁ እንዳለ ማቅላት ነው። ያን ቀን ያየሁት ግን ሌላ ነበር። ከፕላስቲክ በጠቀለሏት፣ ጫፏ እንደ መርፌ በቀጠነች ኮን፣ በሙሽራዋ መዳፍ መካከል አንዲት ነጥብ አሳረፉ። ከነጥቧ ዙሪያ አበባ ፈለቀ፤ ከአበባው ሐረግ ወጣ፤ ሐረጉ በአንጓዋ ላይ ሲደርስ ሁለት ጣዎሶች አንገት ለአንገት ተያዩ። ንድፍ የለም፣ ስርዝ የለም። ኮኗ ስትንጠባጠብ በግራ አውራ ጣታቸው ይጠርጓታል፤ በዚህ የተነሳ ያ ጣት በጋ ከክረምት እንደ ቴምር የጠቆረ ነበር። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቀና አላሉም። ሙሽራዋ በሳቀች ቁጥር ለእኔ ይጮኹብኛል፦

«አታስቋት በላቸው! ጣዎሴ አንገቱ ተጣሞ ሊቀር ነው እኮ። አቦ፣ ሠርጉ ነገ አይደል? ነገ ትሳቅ!»

ከዚያ ወዲያ ስማቸው ከኢገን እስከ ሻኮፒ ባሉት የሚኒያፖሊስ ዙሪያ ከተሞች ተሰማ። የህንድ ሠርግ ባለበት ሁሉ አዴ ዘይነባ ይጠራሉ፤ እኔም ከጎናቸው አለሁ። ሥራዬ ማስተርጎም ብቻ ሆኖ አልቀረም። የሂናውን ቅጠል ዱቄት በሴት ስቶኪንግ ይነፉታል፤ በሎሚና በቀዘቀዘ ወፍራም ሻይ ይለወሳል፤ ስኳር ይገባበታል፤ እንደ ሊጥ ከታሸ በኋላ ተሸፍኖ ያድራል። የማሸቱን ነገር ለእኔ ጣሉት። «ወንድ ማቡካት አይችልም ያለህ ማነው? ይሄ ሁሉ ክንድ ለአንሶላ ብቻ ነው እንዴ? ታጠብና አቡካ!» አሉኝ። አቦካሁ። ማቡካቱን ወደድሁት ብል ሐሰት አይሆንም።

እያንዳንዷን ሙሽራ ከመጀመራቸው በፊት ግን አንድ ንግግር ያስተረጉሙኝ ነበር፤ ከቃሉ አንድም ቀን ዝንፍ ብለው አያውቁም። «ቅጠል ነው በላት። ቅጠል፣ ሎሚ፣ ሻይ፣ ስኳር። ሌላ ነገር በእጄ ገብቶ አያውቅም።» ይህን ሲሉ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ያሳያሉ። እኔ እተረጉማለሁ፤ ሙሽራዋም እጇን ትሰጣለች።

በዚያ ዘመን ከምንም በላይ የምሻው ነገር አንድ ነበር፦ በሆስፒታል አስተርጓሚነት መቀጠር። ስለ ሙያው ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስሁ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። አስተርጓሚ አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ተናጋሪው «እኔ» ሲል እሱም «እኔ» ይላል፤ የራሱ አስተያየት በዚያ ክፍል ውስጥ የለም። ይህን ሕግ እንደ ሃይማኖት ይዤው ነበር። የጎደለኝ፣ ታማኝነቴን የሚመሰክርልኝ የሆስፒታሉ ሰው ብቻ ነው።

ሕጉን አንድ ጊዜ አፍርሼዋለሁ፤ እሱንም መናገር አለብኝ። በህንዶች ልማድ የሙሽራው ስም በሐረጉ ውስጥ ተደብቆ ይጻፋል፤ ሙሽራው በሠርጉ ዕለት ፈልጎ ማግኘት አለበት። አዴ ዘይነባ የላቲን ፊደል አያነቡም፤ ስሙን በወረቀት ላይ እጽፍላቸዋለሁ፣ እንደ ሥዕል ይገለብጡታል። በአንድ ሠርግ ላይ «ራሜሽ» ብዬ ጻፍሁና፣ በግራ እጅ እንዲሆን ተነግሮኝ ስለ ነበር፣ እንዳልረሳ ከሥሩ «ሌፍት» ብዬ አከልሁ። በእንግሊዝኛ ያ ቃል ግራ ማለት ነው፤ ትቶ ሄደ ማለትም ነው። እሳቸው ሁለቱንም ገለበጡ። በማግስቱ ሙሽራው የሙሽራይቱን መዳፍ እየመረመረ «ራሜሽ ትቶ ሄደ» የሚል አነበበ።

እሱስ ሳቀ። አክስቱ ግን በሠርግ ቀን እንዲህ ያለ ቃል መርገም ነው ብላ አዳራሹን አናወጠችው። ተጠራን። ልናገር አፌን ስከፍት አዴ ዘይነባ ክንዴን ቆነጠጡኝ።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ በላቸው። ልጁ በትክክል ነው የጻፈው፤ እኔ መሃይሟ ከሌላ ወረቀት ጋር ቀላቀልኩት።»

«አዴ፣ እንደሱ እኮ አይደለም—»

«ተርጉም እንጂ አትከራከረኝ!»

ተረጎምሁ። እሳቸው ኮናቸውን አውጥተው፣ በቁማቸው፣ «ሌፍት» የምትለዋን ቃል ቅጠልና ግንድ እየቀጠሉላት አንዲት የወይን ሐረግ አደረጓት። አክስቲቱም ተረጋጋች፤ መጨረሻ ላይ እሷም እጇን ዘረጋች። ወደ ቤት ስንመለስ ላመሰግናቸው ብጀምር፣ «አቦ ተወኝ፣ እንደ ሬዲዮ አታውራብኝ። የእኔን ጥፋት ይለምዱታል፤ ያንተን አይለምዱትም» አሉኝ። ያን ቀን በአፌ ሐሰት ተናግሬያለሁ። ሐሰቱ እኔን ያዳነ ስለ ነበር አልቆጠርሁትም። እናቴን ካጣሁ በኋላ ማንም እንደዚያ ከፊቴ ቆሞልኝ አያውቅም ነበርና፣ እንደ ውለታ አስቀመጥሁት።

ከዚህ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ኢገን የሚኖሩ ዶክተር መህታ የሚባሉ የልብ ሐኪም ልጃቸውን ካቪታን ሊድሩ ጠሩን። ካቪታ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ናት። ዶክተሩ ከዝግጅቱ ቀደም ብሎ በተገናኘንባቸው ቀናት ሳስተረጉም በጥሞና ያዳምጡኝ ነበር። አንድ ቀን፣ «ሆስፒታላችን እንዳንተ ያለ ሰው ይፈልጋል። ከሠርጉ በኋላ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ» አሉኝ። ለአዴ ዘይነባ ስነግራቸው እልል አሉ፤ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ።

ሂናው ሐሙስ እንዲሳል፣ ሠርጉ ቅዳሜ እንዲሆን ነበር የታቀደው። ሁለት ቀን የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ፤ የቅጠሉ ቀለም በመጀመሪያው ቀን እንደ ካሮት ነው፤ የሚጠቁረው በሁለተኛው ነው። ሐሙስ ግን በረዶው መንገዱን ሁሉ ዘጋው። ኢገን የደረስነው ዓርብ፣ ከቀትር በኋላ ነበር።

የሙሽራው እናት ሳሎን ተቀምጠዋል። የሙሽራዋ ሂና በጠቆረ መጠን አማቷ ትወዳታለች የሚል ብሂል ህንዶቹ አላቸው፤ ሴትየዋም ፈገግ ብለው፣ «ነገ እናየዋለን» አሉ። ካቪታ ወደ እኔ ጠጋ ብላ በቀስታ ጠየቀችኝ፤ «እስከ ጠዋት ይጠቁራል? እባክህ እውነቱን ጠይቅልኝ።» ጠየቅሁላት። አዴ ዘይነባ የልጅቷን ፊት ለረጅም ጊዜ አዩ። ኩሽና ገቡና፣ «ክንዷን የምታሳርፍበት ትራስ መኪና ውስጥ ረስቻለሁ፤ አምጣልኝ» አሉኝ።

የመኪናዬ በር በብርድ ተጣብቆ ስታገል ቆየሁ። ስመለስ አዴ ዘይነባ አንዲት ስኒ እያጠቡ ነበር። ረቡዕ ማታ በእጄ ያቦካሁት፣ ጭቃማ አረንጓዴ የነበረው ሂና፣ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። የአዲስ ጎማ ሽታ የሚመስል ነገርም ሸተተኝ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አልኳቸው።

«ሻይ ጨመርኩበት። ና ንገራትና ልጀምር።»

ደግሜ አልጠየቅሁም። ሳሎን ገብተን፣ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው፣ ያንኑ ንግግር ተናገሩ፤ እኔም እንደ ሕጌ በአንደኛ መደብ ተረጎምሁት። «ሌላ ነገር በእጄ ገብቶ አያውቅም» ያለው እንግሊዝኛ የወጣው ከእኔ አፍ ነው። ካቪታም እጇን ሰጠች።

ሂናው በአንድ ሰዓት ውስጥ ያዘ። ሲታጠብ የወጣው ሥዕል እንደ ቀለም ብዕር የጠቆረ፣ እስከ ክርን የሚደርስ የጣዎስና የሐረግ ጫካ ነበር። የሙሽራው እናት ተነሥተው የልጅቷን ግንባር ሳሙ። ዶክተር መህታ እኔን በር ድረስ ሸኝተው፣ «ደብዳቤህን ሰኞ እጽፋለሁ» አሉኝ።

ከዐሥር ቀን በኋላ ደወሉ። ሁለታችሁም ኑ አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ካቪታ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ እጆቿ በፋሻ ተጠቅልለዋል። አባቷ ፋሻውን ፈቱት። በእጇ ጀርባ ላይ ሥዕሉ እንዳለ ነበር፤ ነገር ግን ቀለሙ ጠፍቶ ሥጋው ነው የተነሣው። እያንዳንዱ ቅጠል፣ እያንዳንዱ ሐረግ፣ ውኃ ቋጥሮ ያበጠ ቁስል ሆኗል። የጣዎሱ አንገት አልተጣመመም። የጥርስ ሕክምና የምትማር ልጅ ጣቶቿን ማጠፍ አልቻለችም።

ዶክተሩ ድምፃቸውን ሳያነሡ ጠየቁ፤ «ሂናው ውስጥ ምን ነበር?»

ተረጎምሁ። አዴ ዘይነባ እኔን አላዩም፤ የሚያዩት የልጅቷን እጅ ነበር።

«ቅጠል ነው። ቅጠል፣ ሎሚ፣ ሻይ፣ ስኳር።» አሉ፤ ቀጥለውም፣ «ያቦካው እሱ ነው።»

በአማርኛ ማቡካት አንድ ነገር ነው፤ መቀላቀል ሌላ ነገር ነው። የሚያቦካ ሰው የተሰጠውን ያሻል፤ የሚቀላቅል ሰው ግን አንዱን ከሌላው ያገናኛል። የተናገሩት ቃል እውነት ነበር። ያቦካሁት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛም ለሊጥ የሚሆን የራሱ ቃል አለው፤ አውቀዋለሁ፤ በዚያች ደቂቃ ግን አፌ ላይ አልመጣም። የመጣልኝ «ሂ ሚክስድ ኢት»፣ እሱ ነው የቀላቀለው፣ የሚለው ነበር።

«ሂ ማለት ማነው?» አሉ ዶክተሩ።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሆነውን የተረዳሁት። ወደ አዴ ዘይነባ ዞሬ በአማርኛ፣ «አዴ፣ ያን ቀን እኔ ትራሱን ላመጣ ስወጣ ምን ጨመሩበት? እባክዎ ይንገሯቸው» አልኳቸው።

«ተርጉም እንጂ አትጠይቀኝ» አሉኝ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«ምን አለች?» አሉ ዶክተሩ።

ይህንን ምን ብዬ ልተርጉመው? ዝም አልሁ። ዝምታዬን ዶክተሩ ያነበቡት ማንም ሰው እንደሚያነበው ነው። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አሉ፤ «ያለችው እውነት ነው? ያዘጋጀኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ግን—»

በዚህ ጊዜ ካቪታ ፋሻዋን መልሳ ልትጠቀልል ሞከረች፤ ጣቶቿ እምቢ አሏትና ማልቀስ ጀመረች። አዴ ዘይነባ ተነሡ። አጠገቧ ተንበርክከው ፋሻውን ቀስ ብለው ጠቀለሉላት፤ ቋጠሮውን አሰሩላት፤ ፋሻውን ሳሙት። እንባቸው እውነተኛ እንባ ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ አልጠራጠርም። ከዚያ በኋላ የእኔን «ግን» የሚሰማ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ዶክተር መህታ በር ድረስ ሸኙኝ። «ደብዳቤውን ጽፌው ነበር» አሉኝ። «በሽተኛ ፊት የሚቆም ሰው በእጁ ምን እንደ ያዘ ማወቅ አለበት። ልልከው አልችልም።»

በመኪና ወደ ቤት ስንመለስ ወንዙን ተሻገርን። ከዚያ ጠየቅኋቸው። አልሸሸጉኝም፤ ይህም ነው ይበልጥ ያቆሰለኝ።

«የጸጉር ማቅለሚያ ነው። ጥቁሩ ዱቄት። ድሬ ስንቱ ያደርገው የለ፤ ማንንም ሲያቃጥል አላየሁም። ልጅቷ ፊቷ ጠፍቶ ሳያት አንጀቴ አልቻለም።»

«ታዲያ ይህንኑ ለምን አልነገሯቸውም?»

«አላቦካህም እንዴ? ዋሸሁ?»

«አዴ!»

«አንተ ልጅ ነህ» አሉ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። «እንግሊዝኛ አለህ፣ መጽሐፍ አለህ፤ ሌላ በር ታንኳኳለህ። እኔ ጥቁር ዱቄት ትጨምራለች ከተባልኩ ማን እጁን ይሰጠኛል? ሰው የአንሶላ ጋሪ ስገፋ አይቶኝ አያውቅም፤ የሚያየኝ ሂና ስስል ብቻ ነው።»

እውነት መሆኑን አውቅ ነበር። ቢሆንም ለዶክተሩ ደውለው እንዲነግሯቸው ለመንኋቸው። «የሚያስተረጉምልኝ ሰው አገኝና፣ በጁምዓ እደውላለሁ» አሉ። ጁምዓው አለፈ፤ ሌላውም አለፈ። በሦስተኛው ሆስፒታሉ ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጠ። እኔ ራሴ ለዶክተሩ ሁለት ጊዜ ጻፍሁ፤ መልስ አልመጣም። ራሱን ለማዳን አሮጊት የሚከስ ወጣት ደብዳቤ እንዴት እንደሚነበብ እገምታለሁ። በህንዶቹ ዘንድም ነገሩ ተወራ፤ ሂናውን ያበላሸው አስተርጓሚው ልጅ ነው ተባለ። የአዴ ዘይነባ እጅ ንጹሕ ሆኖ ቀረ።

በረዶው ቀልጦ ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ ስልኬ ጮኸ።

«አቦ ጠፋህ እኮ! ሰው እንደዚህ ይጠፋል?» አሉ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ። «ቅዳሜ ሙሽራ አለችኝ፣ ብሉሚንግተን። ስድስት ሰዓት ላይ ድረስልኝ።»

«ለዶክተሩ ደወሉ?»

«አሁን እሱን ምን አመጣው? ልጅቷ ድናለች አሉ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ይህን ጥሪ ስጠብቅ እንደ ነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። እውነቱን ልናገር፤ ናፍቀውኝ ነበር። የምናገረውንም ከብዙ ቀን በፊት አዘጋጅቼዋለሁ።

«እመጣለሁ» አልኳቸው። «የሚሉትን አንዲት ቃል ሳላጎድል እተረጉማለሁ። ቅጠል፣ ሎሚ፣ ሻይ፣ ስኳር ሲሉም እተረጉማለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ጥቁሩ ዱቄት በራሴ ስም አንድ ዐረፍተ ነገር እጨምራለሁ። ያን ዐረፍተ ነገር እርስዎ ራስዎ ከተናገሩት፣ እኔ የምጨምረው ነገር የለም።»

ከበስተጀርባቸው ቧንቧ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። አዴ ዘይነባ ሐኪሙንም፣ ኢማሙንም፣ የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅም አንተ የሚሉ የድሬዳዋ ሴት ነበሩ፤ እኔንም በነዚያ ዓመታት ሁሉ፣ ሲቆጡም ሲያቆላምጡም፣ ከአንተ ሌላ ብለውኝ አያውቁም።

«እንግዲያውስ አይምጡ» አሉኝ።